«የቆሸሸ ደም ነው፣ ይውጣላት»

አራስ ቤት ከሚሰሙ አባባሎች ሁሉ ክፉውን ምረጥ ብባል ይህን ነው የምመርጠው። ዘጠኝ ወር የተጠራቀመ ደም ስለሆነ በደንብ ካልወጣ እናቲቱን ያሳምማታል ይባላል። ከወሊድ በኋላ ለሳምንታት እየቀነሰ የሚሄድ ደም መኖሩ እውነት ነው። ጨርቁን ቶሎ ቶሎ እያራሰ የሚፈስ፣ እየረጋ የሚወርድ፣ እናቲቱን የሚያዞርና ላብ በላብ የሚያደርግ ደም ግን ሌላ ነገር ነው። እንግዴ ልጁ ሲወጣ ማህፀን ተኮማትሮ የደም ሥሮቹን መዝጋት አለበት፤ ላልቶ ከቀረ ሴትዮዋ በሰዓታት ውስጥ ልታልፍ ትችላለች። ጤና ጣቢያ ልጁ እንደተወለደ የሚሰጠው ኦክሲቶሲን የተባለው መርፌ ማህፀኑን እንዲኮማተር ያደርገዋል። የልምድ አዋላጇ የቱንም ያህል ብልህ ብትሆን ይህ መርፌ በእጇ የለም።

«የፊተኞቹን ቤቴ ወልጄ ምን ሆንኩ?» ለሚሉ እናቶች፦ ደም መፍሰስ ቀድሞ አይታወቅም፣ ብዙ የወለደች ሴት ማህፀን ደግሞ ለመላላት ይቀርባል። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት በሕይወት ለሚወለዱ 100,000 ሕፃናት 412 እናቶች እንደሚሞቱ ተገምቷል። በጤና ተቋም የሚወለደው ያኔ 26 በመቶ ነበር፤ በ2011 ዓ.ም. 48 በመቶ ደረሰ።

በአዲስ አበባ ዙሪያ ያሉት ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ የራሳቸው አባባል አላቸው፦ «አዲስ አበባ አፍንጫችን ሥር ነው፣ ከባሰ እንሄዳለን።» በኪሎ ሜትር ልክ ነው። ከቡራዩ በአስኮ በኩል ጳውሎስ ሆስፒታል፣ ከሱሉልታ እንጦጦን አልፎ እዚያው፣ ከሰበታ በአየር ጤና በኩል አለርት ሆስፒታል ይደረሳል። ምጥ ግን የመኪና ሰልፍ አይጠብቅም። ከሰፈር ጤና ጣቢያ መጀመር፣ የሚያስተላልፉ ከሆነም በአምቡላንስና ከባለሙያ ጋር መሄድ ይሻላል። በመንግሥት ጤና ጣቢያ መውለድ ነፃ ነው።

«ኦፕሬሽን ያደርጉሻል» የሚለው ፍርሃት ከሜዳ አልተነሣም። በዚያው የ2008 ጥናት በአገሪቱ በኦፕሬሽን የተወለደው 2 በመቶ ሲሆን በአዲስ አበባ 21 በመቶ ነበር። ጤና ጣቢያ ግን አብዛኛውን ጊዜ የኦፕሬሽን ክፍል እንኳ የለውም። ሆስፒታል ሲባልም ምክንያቱን መጠየቅ የእናትየዋ መብት ነው።

ወደ ሕፃኑ ስንመጣ፣ ሱሉልታ ከፍታ ላይ ነው፣ ሌሊቱ ይበርዳል። ጨቅላውን በተወለደበት ሌሊት «ይጥራ» ብሎ ማጠብ ሙቀቱን መንጠቅ ነው። በቆዳው ላይ ያለው ነጭ ቅባት ቆሻሻ አይደለም፣ ይጠብቀዋል። እጥበቱ ቢያንስ ለ24 ሰዓት ይቆይ፤ እስከዚያ ራሱ ተሸፍኖ የእናቱ ደረት ላይ ይተኛ፣ በመጀመሪያው ሰዓት ጡት ይያዝ። ቢጫው እንገር ያረጀ ወተት ተብሎ ይታለባል፣ ይደፋል፤ በሽታ የሚከላከልለት እሱ ነው። በምትኩ የሚላሰው ቅቤ ሆዱን ከመሙላት በቀር አይፈይድለትም። እትብቱ ላይም ቅቤም ሆነ እበት አይቀባም፤ ባለሙያ ካዘዘው ውጭ ንጹሕና ደረቅ ይሁን። የጠዋት ፀሐይ ጥሩ ናት፣ ነገር ግን ቢጫ የሆነን ሕፃን አታክምም፤ በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ ቢጫ ከሆነ ሐኪም ይየው።

አያቶቻችን ሁሉን ተሳስተዋል ማለቴ አይደለም። ገንፎው፣ ቡናው፣ ወገቧን የምታሸው እህት፣ አራሷን ከሥራ ማሳረፉ ሁሉ ደግ ነው። እንዲያውም አንዱ ተረት የነጭ ጋዋን ለባሾቹ ነው፦ ዘመናዊ ወሊድ በጀርባ ተንጋሎ ብቻ ነው የሚለው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2010 ዓ.ም. ባወጣው ምክረ ሐሳብ ጤነኛ ምጥ የያዛት ሴት እንድትንቀሳቀስ፣ እንድትቀምስ፣ የመረጠችው ሰው አብሯት እንዲሆን፣ በፈለገችው አኳኋንም እንድትወልድ ይላል። ተንበርክኬ ልውለድ ያለችን ሴት አልጋ ላይ በግድ ለማጋደም ሳይንስን ምክንያት ማድረግ አይቻልም።