በሕፃኑ ብሌን ውስጥ የታየው ነጭ ነገር

ልጅዎን በፍላሽ ፎቶግራፍ ሲያነሡ የአንደኛው ዓይኑ ብሌን ቀይ፣ የሌላው ነጭ ሆኖ ታይቶዎት ያውቃል? ወይስ ማታ በመብራት ሲያጠቡት ከብሌኑ ውስጥ እንደ ድመት ዓይን የሚያብለጨልጭ ነገር አይተው «ይለቀዋል» ብለው ትተውታል? ነገሩ የሞራ ግርዶሽ ወይም ሌላ ሕመም ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ሬቲኖብላስቶማ የተባለው፣ አብዛኛውን ጊዜ 5 ዓመት ያልሞላቸውን ሕፃናት የሚይዘው የዓይን ካንሰርም ሊሆን ስለሚችል ቀን መቁጠር አይገባም። አዲስ የጀመረ መንሸዋረርም እንዲሁ ነው። በመጀመሪያው ደረጃ ልጁን ብዙ ጊዜ አያመውም፤ እናትን የሚያዘናጋትም ይኸው ነው።

በሌላው የሰውነት ክፍል ዕጢ ሲገኝ በመርፌ ተቀድቶ ይመረመራል። እዚህ ላይ ግን መርፌው ካንሰሩን ከዓይን ውጭ ሊበትነው ስለሚችል ሐኪሞች ይህን አያደርጉም። ስለዚህ በሽታው የሚለየው በማየት ነው፤ የመሣሪያዎቹ ጉዳይ እርስዎንም የሚመለከተው በዚህ ምክንያት ነው።

በቅድሚያ ሕፃኑ በማደንዘዣ ይተኛና ብሌኑ በጠብታ ተከፍቶ የዓይኑ ውስጥ በሙሉ ይታያል። ለዚሁ የተሠራ ካሜራ ካለ ፎቶግራፉ ይቀመጣል። ከሕክምና በኋላ ዕጢው መክሰሙ ወይም አዲስ መብቀሉ የሚታወቀው የዛሬውን ፎቶግራፍ ካለፈው ጋር በማስተያየት ነው። ኦሲቲ የተባለው በብርሃን የሚሠራ መሣሪያ ደግሞ በዚህ ምርመራ ያልታየ ደቃቅ ዕጢ ሊያሳይ ይችላል።

ነፍሰ ጡር ሆነው የሚያውቁት አልትራሳውንድ የዕጢውን ቁመትና በውስጡ ያለውን የካልሲየም ፍንጣቂ ያሳያል፤ ጨረርም የለውም። ካንሰሩ በዓይን ነርቭ በኩል ወደ አንጎል መሻገሩን ለማወቅ ግን ኤም አር አይ ያስፈልጋል።

ሲቲ ስካንስ? ካልሲየሙን አጥርቶ ያሳያል፤ የሚሠራው ግን በኤክስሬይ ነው። ከ10 ታማሚ ሕፃናት 4 ያህሉ የበሽታውን መነሻ ጉድለት በመላ ሰውነታቸው ይዘውት የተወለዱ ናቸው። እንዲህ ያለ ልጅ ለጨረር ሲጋለጥ በኋላ ዘመኑ ሌላ ካንሰር የመያዝ አደጋው ይጨምራል። ኤም አር አይ በሚገኝበት ቦታ ሲቲ የማይመረጠው ለዚህ ነው። «ይህ ምርመራ ጨረር አለው ወይ? በሌላ አይተካም?» ብሎ ሐኪሙን መጠየቅ፣ አንዳንዶች እንደሚመስላቸው፣ ድፍረት አይደለም።

በሽታው ከተገኘ የልጁ ወንድሞችና እኅቶችም ዓይናቸው መታየት አለበት። ወደ ዓይን ሐኪም ሲሄዱ ያንን ፎቶግራፍ ይዘው ይሂዱ።