የቀለህ ወግ፦ ከውጅግራ እስከ ማግነም

ቦሌ ውስጥ ሆቴል ወይም የገበያ ማዕከል ለመግባት የሚመጣ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው ፈታሽ ነው። ወገብ ይዳበሳል፣ ቦርሳ ይከፈታል፤ አንዳንዱ በር ላይ በቀይ የተሰረዘ የሽጉጥ ሥዕል ተለጥፏል። ፍተሻው ለወጉ ያህል የሚደረግ አይደለም። ከፊታችን ተሰልፎ ኪሱን የሚያራግፈው ጎልማሳ አያቱ ውጅግራ አንግተው የኖሩ፣ አባቱ ለአንድ ምንሽር ጥማድ በሬ የሸጡ ሊሆኑ ይችላሉ። የከተማው ሰው ማኪያቶ መጠጣት ለመደ እንጂ የመሣሪያ ወሬ ሲነሳ ጆሮውን መጣሉን አልተወም።

ያ ወሬ ፊልም ባሳደገው ትውልድ ዘንድ ብዙ ጊዜ ማግነም ላይ ያርፋል። እ.ኤ.አ. በ1971 በወጣው «ደርቲ ሃሪ» ውስጥ ክሊንት ኢስትውድ የያዘው አፈሙዘ ረጅም ሽጉጥ የስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሞዴል 29 ሲሆን የሚጎርሰውም .44 ማግነም ጥይት ነው። እኛ ዘንድ ወሬው ወሬ ሆኖ ይቀራል። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝንም መነገድንም ይከለክላል። ማግነም የሚል ጽሑፍ ያለበት ጥይት በቦሌ ኤርፖርት በሕግ የሚገባው፣ የደጋ አጋዘን ለማደን ፈቃድ ካወጡ የውጭ አዳኞች ጋር ነው፤ እሱም ለረጅም ጠመንጃ የተሠራ፣ በዓለም አቀፉ የአየር ጉዞ ደንብ መሠረት ለአንድ መንገደኛ ከ5 ኪሎ የማይበልጥ።

ለማንኛውም ማግነም የሚተኩሰውን ሽጉጥ እንተዋወቀው። አምስት ወይም ስድስት ጉድጓድ ያለው ከበሮ አለው፤ ለተኩስ በተሰናዳ ቁጥር ከበሮው አንድ እርምጃ ይዞርና ተራው የደረሰውን ጥይት ከአፈሙዙ ጋር ያገጣጥማል። ሳሙኤል ኮልት ይህን አሠራር በአሜሪካ ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1836 ነው። ካዝና ያለው ሽጉጥ በተኩሱ ግፊት ተጠቅሞ ቀለሁን ወርውሮ ቀጣዩን ስለሚያጎርስ በጥይቱ ጉልበት ላይ መራጭ ነው፤ ጥይቱ ደከም ካለ መሃል ላይ ይነክሳል። ከበሮ ግን የሚዞረው በሰው ጣት ስለሆነ ለዚህ ግድ የለውም። ለስላሳውንም ኃይለኛውንም ይተኩሳል። ደግሞ ቀለሁን አይጥልም። ስድስቱ ተተኩሰው ሲያልቁ ስድስቱም ቀለሆች እዚያው ተቀምጠዋል፤ ባለቤቱ ከበሮውን ወደ ጎን ያወጣና መዳፉ ላይ ያራግፋቸዋል።

ማግነምን የወለደው ይኼ መዳፍ ላይ የሚራገፍ ናስ ነው። የአይዳሆው ከብት አርቢ ኤልመር ኪዝ ለዓመታት .44 ስፔሻል የተባለውን የቀድሞ ጥይት ቀለህ እየሰበሰበ፣ እርሳሱን ራሱ እያቀለጠ፣ ፋብሪካ ከሚደፍረው በላይ ባሩድ እየሞላ ሲሞክር ኖሯል። በዚህ ሥራው ሽጉጥ እጁ ላይ ፈንድቶበታል። እ.ኤ.አ. በ1955 መጨረሻ ላይ ሬሚንግተንና ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ምኞቱን ፋብሪካ አስገብተው .44 ማግነምን አወጡ። ከዚያ 20 ዓመት ቀደም ብሎ በወጣው .357 ማግነም እንደተደረገው ሁሉ ቀለሁን በ3 ሚሊ ሜትር ገደማ አስረዘሙት። ዋና ምክንያቱ አዲሱ ጥይት በደካማው አሮጌ ሽጉጥ ከበሮ ውስጥ እንዳይገባ ነው። ጥይቱ ሲፈነዳ ከ2,400 ባር በላይ ግፊት ሊፈጥር ይችላል፤ የመኪና ጎማ ሁለት ባር ተኩል እንኳ ላይሞላ ይችላል። አሮጌ ከበሮ ይህን አይችልም።

እንግዲህ ዛሬ በአሜሪካ የብዙ ሺህ ሰዎች የትርፍ ጊዜ ሥራ የሆነው ነገር ይኸው ነው፦ ቀለህ ለቅሞ፣ አጥቦ፣ ዳግም ሞልቶ መተኮስ። ምስጋናውን ሁሉ ለአይዳሆው ገበሬ መስጠት ግን ይከብደኛል። ኪዝ ከመወለዱ በፊት ጀምሮ የእኛ አገር ሰው ያንኑ ሥራ ይሠራ ነበርና። እሱ የሠራው ወድዶ ነው፣ የእኛው ቸግሮት።

መሣሪያው ፈረንሳዮቹ «ግራ» የሚሉት፣ እኛ ውጅግራ የምንለው ጠመንጃ ነው። ባዚል ግራ የተባለ የፈረንሳይ መኮንን እ.ኤ.አ. በ1874 ሠራው፤ በወረቀት የተጠቀለለ ጥይት ይጎርስ የነበረውን ሻስፖ የናስ ቀለህ እንዲቀበል አድርጎ የለወጠ ነው። ርዝመቱ 1 ሜትር ከ30፣ ክብደቱ ከ4 ኪሎ በላይ፣ ጉርሻው አንድ ጥይት ብቻ። መቀርቀሪያው ይሳባል፣ አንዱ ይገባል፣ ይተኮሳል፣ ደግሞ ይሳባል።

የማግነሙንና የውጅግራውን ጥይት ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው ይገረማል። የ.44 ማግነም እርሳስ ውፍረቱ 10.9 ሚሊ ሜትር ነው፤ የውጅግራ 11። ከአፈሙዝ ሲወጡ ፍጥነታቸው ተቀራራቢ ነው፤ ውጅግራ በሰከንድ 450 ሜትር ገደማ፣ ማግነሙ ከዚያ ጥቂት ያንሳል። ልዩነቱ ያለው በክብደት ላይ ነው። የውጅግራ እርሳስ 25 ግራም ይመዝናል፣ የተለመደው የ.44 ማግነም 15 ግራም ተኩል። አያቶቻችን በትከሻቸው የተቀበሉትን ምት ከግማሽ በላይ በአንድ ክንድ ጫፍ መያዝ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው .500 ማግነም ደግሞ ውጅግራን በጉልበት ጨርሶ ይበልጠዋል፤ ሽጉጡ ሁለት ኪሎ ገደማ የሚመዝነው ለዚህ ነው። እንዲህ ያለውን ነገር ወገብ ላይ መታጠቅ ለምን እንደሚያስፈልግ ድብ ከሌለበት አገር ሆኖ መረዳት ያስቸግራል።

ውጅግራ እኛ ጋ የደረሰው ፈረንሳይ ስለጠገበችው ነው። ፖል ቪዬይ ጭስ የሌለውን ባሩድ ከፈጠረ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1886 ሌበል የተባለው ባለ 8 ሚሊ ሜትር ጠመንጃ መጣ፤ የተጣለው ግራ ነጋዴ እጅ ገባና በታጁራና በጅቡቲ በኩል ወደ ሸዋ ይጎርፍ ጀመር። የታጁራ ንግድ ገጣሚውን አርተር ራምቦን ሳይቀር ስቧል። ራምቦ በ1879 ዓ.ም. ወደ 2 ሺህ የሚጠጋ ጠመንጃ በግመል አስጭኖ እንጦጦ ድረስ መጥቶ ለምኒልክ ሸጠ፤ የእሱ ዕቃ ከግራም የባሰ አሮጌ ነበር፣ ትርፉም ኪሣራ ሆነ።

ሌላውም መሣሪያ እንዲሁ ከየአቅጣጫው የመጣ ነው። ስናድር በ1860 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር መቅደላ ደርሷል፤ ቴዎድሮስ ከንግሥት ቪክቶሪያ በተላከላቸው ሽጉጥ ራሳቸውን የሰዉት በዚያው ዘመቻ ነው። ሬሚንግተን በ1868 ዓ.ም. በጉንደትና በጉራዕ ከግብጽ ሠራዊት ተማረከ፤ ቬተርሊ ከጣሊያን መጣ። በአድዋ ከተሰለፈው ሠራዊት አብዛኛው ጠመንጃ ነበረው፤ የአንዱ ጥይት ግን ለሌላው አይሆንም። ስናድር ያለው ሰው ከጎኑ የወደቀ ጓዱን የውጅግራ ዝናር ቢያገኝ ምን ያደርግበታል? ዘፈኑና ፉከራው ለጠመንጃው ሆነ እንጂ ጠመንጃን ጠመንጃ የሚያደርገው የራሱ ቀለህ መገኘቱ ነበር።

ስለዚህ ቀለህ አይጣልም። ሙሉ ጥይቱ ከአሞሌ ጨውና ከማሪያ ቴሬዛ ብር ጎን ለጎን ገንዘብ ሆኖ ገበያ ይገባ ነበር፤ ብሩ ለትንሽ ዕቃ ስለሚበዛ ዝርዝሩ በጥይት ይሰጣል። ባዶውም ዋጋ ነበረው፤ እንደገና የሚሞላ ነውና። በአንድ በኩል ካየነው አስቂኝ ነው፦ ገንዘብህን ተኩሰህ ቀሪውን ለቅመህ ትመለሳለህ።

አሞላሉ እንዲህ ነው። የተተኮሰ ቀለህ ውስጡ በጥቁር ባሩድ ጥላሸት ይሞላል፤ ጥላሸቱ እርጥበት ይስብና ናሱን ይበላዋል፤ ስለዚህ መጀመሪያ በሙቅ ውሃ ይታጠባል። ከቂጡ ላይ የተመታችው፣ እሳት የምትጭረው ትንሽ ቆብ ትነቀላለች። አዲስ ቆብ ማግኘት ከሁሉ ይከብዳል፤ እርሳስ በየትም ይቀልጣል፣ ባሩድም አገር ቤት ይቀመማል፣ ቆቧ ግን የኬሚስት ሥራ ናት። ባሩዱ ከጨው ባሩድ፣ ከከሰልና ከድኝ ይዘጋጃል። ለሸዋ ድኙ ከአፋሩ የዶፋን ተራራ ይመጣ እንደነበር በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን የመጡ እንግዶች ጽፈዋል። እርሳሱ በቅርጽ ማውጫ ይፈሳል፤ የፋብሪካው የውጅግራ እርሳስ ወገቡ በወረቀት የተጠቀለለ ነበር፣ እርሳሱ የአፈሙዙን ቦይ እንዳይለጥፍበት። በመጨረሻ የቀለሁ አፍ እርሳሱ ላይ ጠበቅ ይደረጋል።

እዚህ ላይ ጥቁሩ ባሩድ ለባለሙያው የዋህ ነው። 5 ግራም ከሩብ ያህሉ የቀለሁን ሆድ ስለሚሞላው ሁለት ጊዜ በስህተት መጨመር አይቻልም፤ ይፈሳል። በደንብ ያልተቀመመም ከሆነ ይደክማል እንጂ ብዙ ጊዜ ጠመንጃ አይሰነጥቅም። ጭስ አልባው የማግነም ባሩድ ሌላ ነገር ነው። የዚያን ሲሶ በማይሞላ መጠን ሥራውን ይሠራል፤ ፈጣን የሚነደው ዓይነት ከሆነ ደግሞ ቀለሁ ውስጥ ሁለት እጥፉ ተሞልቶ እንኳ ቦታ ይተርፋል። አሜሪካኖቹ የባሩድ ሚዛንና የታተመ መጽሐፍ አጠገባቸው ሳያስቀምጡ የማይሞሉት ለዚህ ነው። የጭስ አልባ ባሩድ መምጣት የእኛን የቤት ውስጥ ሙያ የገደለውም በዚሁ በር ነው። ጭስ አልባውን የሚጎርሱት ምንሽርና ቤልጅግ ሲመጡ ቀለህ የሚሞላው ሰው የሚያውቀው ቅመም አልሠራለትም።

ያም ሆኖ ውጅግራ በቀላሉ አልሞተም። በ1927 ዓ.ም. ጣሊያን ለወረራ ሲዘጋጅ እንግሊዝና ፈረንሳይ የመሣሪያ ሽያጭ ስለከለከሉ፣ ማይጨው ላይም ሆነ ከዚያ በኋላ በአምስቱ ዓመት አርበኝነት የተተኮሰው ስድሳ ዓመት ያለፈው ይኸው ጠመንጃ ጭምር ነው። ጥቁር ባሩድ ነጭ የጭስ ደመና ስለሚያስነሳ የተኳሹን መደበቂያ ለጠላት ያሳብቃል። አንድ ተኩሶ ቦታ መቀየር ግድ ነበር።

ስለ ማስጌጥም እናንሳ። የአሜሪካ ማግነም ባለቤት እጀታውን በውድ እንጨት ያስቀይራል፣ ቃታውን ያስለሰልሳል፣ ምቱን ለማብረድ አፈሙዙ ጫፍ ላይ ቀዳዳ ያስበሳል። የእኛ መኳንንት ሰደፉን በብር ያስለብጡ፣ ለጠመንጃው የጨርቅ ልባስ ያሰፉ፣ ጋሻ ጃግሬ ያሸክሙት ነበር። በየካቲት 23 የአድዋ በዓል ከጎፈርና ከዝናር ጋር የሚታዩት አሮጌ ጠመንጃዎች ሰደፋቸው የሚያብረቀርቀው እጅ ስለዳበሳቸው ጭምር ነው። በእኔ ዓይን ከብር ልባጡ ይልቅ ያ ይበልጣል።

ዛሬ ጥይት የሚሠራው በፋብሪካ ነው፤ በአምቦ አካባቢ ያለው ሆሚቾ የታወቀው ነው። ገጠር የተበተነው ክላሽ በብዛት የሚጎርሰው ቀለህ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ብረት እንጂ ናስ አይደለም፤ ቅባቱ ሲላጥ ይዝጋል፣ ዳግም ሲጨመቅ ይሰነጠቃል፣ ማንም አይሞላውም። የናሱ ቀለህ ግን እስከ አሁን ፈላጊ አለው። እንጦጦ ላይ ያሉ ሴቶች ገበሬ ለቅሞ የሚያመጣውን ቀለህ አቅልጠው ዶቃና ጌጥ ይሠሩበታል፤ ጌጡ ከቱሪስት ሻንጣ ጋር በቦሌ ይወጣል። ለዚህ ሥራ ቀለህ ገዢው ማወቅ ያለበት ነገር አንድ ነው፦ ማግኔት የሳበው ቀለህ ብረት ነው፣ ከሰል እሳት ላይ አይቀልጥም፤ ለሻጩ ይመለሳል።