መዓልትና ሌሊት የሚለካ የደም ግፊት

የደም ግፊት በእንቅልፍ ዝቅ፣ በድካምና በድንጋጤ ከፍ እያለ መዓልትና ሌሊት የሚለዋወጥ ሆኖ ሳለ፣ እኛ ግን አብዛኛውን ጊዜ በሐኪም ፊት ለጥቂት ደቂቃ ተቀምጠን በተለካነው ቁጥር ብቻ ወይ የዕድሜ ልክ መድኃኒት እንጀምራለን፣ ወይ «ደኅና ነህ» ተብለን እንሰናበታለን። ነጭ ጋዋን ሲያይ ልቡ የሚደነግጥ ሰው ሳይታመም በሽተኛ ይባላል፤ በክሊኒክ ከ140/90 በታች ሆኖ በቤቱና በሥራው የሚያሻቅብበት ግን ኅቡዕ ሕማም ተሸክሞ ይኖራልና፣ እኔ ይልቁንም የምሰጋው ለዚህኛው ነው።

ይህን የተሰወረ ነገር የሚገልጠው የ24 ሰዓት ልኬት ነው። ክንድ ላይ የሚጠመጠመው ጨርቅ በቀጭን ቱቦ ወገብ ላይ ከሚታጠቅ ትንሽ መሣሪያ ጋር ተያይዞ፣ በየ15 ወይም በየ30 ደቂቃው እየተነፋ ይለካል፤ በሚነፋበት ጊዜ ክንድን ዘና አድርጎ ጸጥ ከማለት በቀር ታካሚው ከተግባሩ አይከለከልም። የሳን ፍራንሲስኮው ሐኪም ሞሪስ ሶኮሎውና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1966 እንዳሳተሙት፣ ታካሚው ይዞት በሚዞር መሣሪያ የተለካ ግፊት በልብና በደም ሥር ላይ ከደረሰው ጉዳት ጋር ይበልጥ ይስማማል፤ የእንግሊዝ የሕክምና መመሪያም እ.ኤ.አ. በ2011 ምርመራው በዚሁ እንዲረጋገጥ አዝዟል።

ዋናው ምሥጢር ያለው በሌሊቱ ነው። የጤነኛ ሰው ግፊት በእንቅልፍ ጊዜ ከቀኑ ከ10 እስከ 20 በመቶ ይወርዳል፤ የማይወርድለት ሰው ለልብ ሕመምና ለስትሮክ ይበልጥ የተጋለጠ ነው። አጎቴ መሣሪያውን ታጥቀው ባደሩበት ሌሊት አጠገባቸው ነበርሁ፤ በጨለማው ውስጥ ሞተሩ እዝዝ ይላል፣ ጨርቁ ክንዳቸውን ጭብጥ አድርጎ ይለቃል፣ እርሳቸውም ገልበጥ ብለው ማንኮራፋታቸውን ይቀጥላሉ። ሐኪሙ በማግሥቱ የሌሊቱ አማካይ ሊሆን ከሚገባው ከ120/70 በላይ መሆኑን አይቶ፣ አስቀድሞ የጠየቃቸው ስለዚሁ ማንኮራፋት ነበር።

ነገር ግን መሣሪያው ሰዓቱን እንጂ ሰውየው መተኛቱን አያውቅም። ስለዚህ በማኅሌት ቆመው ያደሩ መሪጌታ ወይም በር ሲጠብቅ ያነጋ ዘበኛ የተኛበትን፣ የነቃበትንና መድኃኒት የወሰደበትን ሰዓት በወረቀት ካልጻፈ፣ የንቃቱ ግፊት እንደ እንቅልፍ ተቆጥሮ ፍርዱ ይዛባል።

መሣሪያው በማይገኝበት፣ በክንድ መለኪያ ጠዋትና ማታ ሁለት ሁለት ጊዜ ለ7 ቀን በቤት ለክቶ፣ የመጀመሪያውን ቀን ትቶ አማካዩን ከ135/85 ጋር ማነጻጸር ይቻላል። ይህ ግን ስለ እንቅልፉ ሰዓት አይነግረንምና፣ የሚያንኮራፋ፣ ስኳር ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው የ24 ሰዓቱ ልኬት የት እንደሚሠራ ሐኪሙን ደጋግሞ ይጠይቅ።