«አባባ በአፉ ሰጥቶኛል» ማለት ቤት ያስገኛል?

አንድ አባት እድርተኛው፣ ጎረቤቱና የንስሐ አባታቸው በተሰበሰቡበት «ይህ ቤት የትንሿ ልጄ ነው» አሉ እንበል። እሳቸው ሲሞቱ ወንድሞቿ «ድርሻችንን» ብለው ከሰሷት። ልጅቱ ይህን የሰሙ አሥር ሰዎች ይዛ ብትቀርብ ትረታለች?

አትረታም! እኔን የሚደንቀኝ ደግሞ ምክንያቱ ነው። ብዙዎቻችን ዳኛው ምስክሮቹን ስላላመናቸው ይመስለናል። አሥሩም እውነት ተናጋሪ መሆናቸውን ቢያምን እንኳ ቤቱን ሊሰጣት አይችልም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 2443 የማይንቀሳቀስ ንብረት ስጦታ በግልጽ ኑዛዜ ሥርዓት ካልተደረገ ዋጋ አይሰጠውም። ቃሉ በወረቀት መስፈር፣ በሰጪውና በአራት ምስክሮች ፊት መነበብ፣ መነበቡና ቀኑም መጻፍ፣ ወዲያው ሁሉም መፈረም አለባቸው። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ ሁለት ሰው ይበቃል። ይህ ካልተሟላ ስጦታ የሚባል ነገር በሕግ ዓይን አልተደረገም፤ ያልተደረገውን ደግሞ ምስክር አያስረዳውም።

«የቃል ኑዛዜ ነው እንበለዋ!» የሚል አይጠፋም። የቃል ኑዛዜ አለ፤ ሁለት ምስክር ይበቃዋል። ግን የሚያገለግለው ለቀብር ሥርዓት፣ ለልጆች ሞግዚትነትና እያንዳንዱ ከ500 ብር ለማይበልጥ ስጦታ ብቻ ነው። ቤት አይገባበትም። ልጅቱ የምታገኘው እንደ ወንድሞቿ እኩል የውርስ ድርሻዋን ነው።

ሽያጭም በጽሑፍ ካልሆነ አይጸናም። ውጭ አገር ያለ ወንድም በስልክ «ቤቴን ሽጥልኝ» ቢል፣ ይህን ለማድረግ በተለይ የተሰጠ የጽሑፍ ውክልና ያስፈልጋል።

ታዲያ የሰው ምስክር በሩ ሙሉ በሙሉ ተዘግቶበታል? አይደለም። ቁጥር 2003 አንድ ቀዳዳ ትቷል፤ የጽሑፍ ውል ኖሮ መጥፋቱ፣ መሰረቁ ወይም መበላሸቱ ከተረጋገጠ ምስክር ይሰማል። ያኔ ውሉን ያነበበው ጎረቤት፣ የፈረመው ሽማግሌ ቃላቸው ወርቅ ነው።

ሕጉ ለቃላቸው ታማኝ በሆኑ አረጋውያን ላይ እንደሚከብድ አልክድም። ቢሆንም ትክክል ነው እላለሁ። ሐዘን ቤት ያደረ ንግግር ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሄድ ይለወጣል፤ በዚያ የሚጎዳውም አብዛኛውን ጊዜ በቦታው ያልነበረው ወራሽ ነው።

ስለዚህ እናታችሁ ወይም አባታችሁ ቤት ለአንዳችሁ ለመስጠት ካሰቡ፣ ጤናቸው ሳለ ከምስክሮቻቸው ጋር ውልና ማስረጃ ይዛችኋቸው ሂዱ።