ያረጀ የብረት ብስክሌት፦ ይታደስ ወይስ ይቅር?

ብርዱ ለቀቅ ሲያደርግ ሰው ሁሉ ጋራዡንና ቤዝመንቱን ማጽዳት ይጀምራል። ያን ጊዜ ነው እንግዲህ ጎረቤት በር ላይ «በነፃ ውሰዱ» የሚል ወረቀት የተለጠፈበት ቀጭን የብረት ብስክሌት ቆሞ የምታገኙት። መሪው እንደ በግ ቀንድ ወደ ታች የታጠፈ፣ ጎማው የተሰነጣጠቀ፣ ካቴናው በዝገት የቀላ። ልጅ «እንውሰደው!» ይላል። እናት «ደግሞ ሌላ ዕቃ የት ልናስቀምጥ ነው?» ትላለች። ሁለቱም እውነት አላቸው።

እነዚህ ብስክሌቶች ከየት መጡ ብትሉ፣ በ1970ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ውስጥ የብስክሌት ገበያ በድንገት ጦፎ ነበር። አሥር ማርሽ ያላቸው ብስክሌቶች በሚሊዮን የሚቆጠሩ ተሸጡ። አውሮፓም ውስጥ ፔጆ፣ ራሌይና ቢያንኪ የመሳሰሉት በየመንገዱ ነበሩ። ዛሬ በየጓዳው አቧራ የሚጠጡት እነሱ ናቸው። የእኛም ሰዎች በብረት ብስክሌት ታሪክ አላቸው፤ ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ላይ በተሳተፈችበት በ1956 ሜልቦርን ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞችም ሄደዋል፤ ገረመው ደንቦባ አንዱ ነበር። በዚያ ዘመን ውድድሩ ሁሉ በብረት ብስክሌት ነው።

ታዲያ የወደቀ ሁሉ አይነሳም። ብዙ ሰው ብስክሌቱን አይቶ የሚጠይቀው «ያምራል ወይ?» ብሎ ነው። መጠየቅ ያለበት ግን «ፍሬሙ ጤነኛ ነው ወይ? ልኩስ የማን ነው?» ተብሎ ነው። ጎማ ይቀየራል፣ ካቴና ይቀየራል፣ መቀመጫ ይቀየራል። የታጠፈ ፍሬም ግን ሌላ ነገር ነው።

ከልኩ እንጀምር። የሚነዳው ሰው በላይኛው አግዳሚ ብረት ግራና ቀኝ እግሩን አድርጎ ይቁም። ሁለቱ ጫማዎቹ መሬት ላይ ሙሉ በሙሉ ካረፉና በአግዳሚውና በሰውነቱ መካከል ከ2 እስከ 5 ሴንቲሜትር ክፍተት ካለ ደህና ነው። ከሌለ ይቅር። «ያድግበታል» ብለን ሁለት ቁጥር ከፍ ያለ ጫማ መግዛት የለመድን ወላጆች እዚህ ላይ እንጠንቀቅ፤ ጫማ ቢሰፋ ካልሲ ይደረብበታል፣ ብስክሌት ቢተልቅ ግን ልጁ መብራት ላይ በቆመ ቁጥር ይወድቃል።

ቀጥሎ ፍሬሙ። ከመሪው ሥር ተነስቶ ወደ ፔዳሉ በሰያፍ የሚወርደውን ወፍራም ቧንቧ ከላይኛው ጫፉ አካባቢ፣ ከሥሩ በኩል በጣታችሁ ዳብሱት። ብረቱ ጎበጥ ካለ ወይም ቀለሙ እንደ ቆዳ ከተጨማደደ፣ ብስክሌቱ አንድ ቀን ፊት ለፊት ተጋጭቷል ማለት ነው። ከዚያ ወደ ጎን ቆማችሁ የፊት ቸርኬውን የያዙትን ሁለት እግሮች ተመልከቱ። ከላይ ቀጥ ብለው ወርደው ጫፋቸው ላይ ወደ ፊት ለስለስ ብለው መታጠፍ አለባቸው። ወደ ኋላ የተገፉ ከመሰላችሁ ባለሙያ ሳያየው አትንዱት።

ዝገትን በተመለከተ ብዙ አትደንግጡ። ላይ ላዩን ያለው ቡናማ ነገር የቆዳ ጉዳይ ነው። የሚያሰጋው ውኃ የሚጠራቀምበት ቦታ ነው፤ በተለይ ፔዳሎቹ የሚዞሩበት መጋጠሚያ ሥር። ብስክሌቱን ገልብጣችሁ እዚያ ቦታ ላይ በካቻቢቴ ጫን አድርጉ። ብረቱ እምቢ ካለ ጥሩ፤ ጫፉ ከገባ ነገሩ አብቅቷል። ገልብጣችሁ ሳለ ብዙውን ጊዜ የመለያ ቁጥሩም እዚያው ስለሚገኝ ጻፉት። የተሰረቀ እንዳይሆን ባለቤቱን ጠይቆ መውሰድ ይሻላል፤ «ነፃ» ተብሎ ያልተጻፈበትንማ ጭራሽ አትንኩ።

አሁን ልጆች የሚወዱት ፈተና። ረዘም ያለ ሲባጎ ያዙ። ከመሪው ሥር ካለው አጭር ቧንቧ ጀምራችሁ፣ የኋላ ቸርኬው በሚታሰርበት ጫፍ በአንዱ ጎን አዙራችሁ፣ በሌላው ጎን ወደ ጀመራችሁበት መልሱትና ወጥሩት። ከዚያ ልጁ በማስመሪያ ከሲባጎው እስከ መቀመጫው ቋሚ ቧንቧ ያለውን ርቀት በግራም በቀኝም ይለካ። እኩል ከሆነ ፍሬሙ ቀጥ ያለ ነው። የአንድ የሁለት ሚሊሜትር ልዩነት አያስጨንቅም። አሥር ሚሊሜትር ከሆነ ግን ያስጨንቃል።

ሌላው ሰው የሚረሳው የመቀመጫው ዘንግ ነው። ዘንጉ አሉሚንየም፣ ፍሬሙ ብረት ሲሆንና ለዓመታት ሳይነካ ሲቀመጥ ሁለቱ ይያያዛሉ፤ እንደ ተበየደ ነው የሚሆኑት። የመሪው ዘንግም እንዲሁ። ዳዶውን ፈትታችሁ ሞክሩት። ካልተንቀሳቀሰ የዝገት ማላቀቂያ ዘይት ጠብ አድርጉበትና ለነገ ተዉት፤ ደጋግሙት። ከሳምንት በኋላም እምቢ ካለ እኔ ብሆን ብስክሌቱን ለሌላ ሰው እተወዋለሁ። ያንን ዘንግ በሴጌቶ ከውስጥ እየቆረጡ ማውጣት ቅዳሜን ብቻ ሳይሆን ትዳርንም ይፈትናል። ከወጣላችሁ ግን ስትመልሱት ግሪስ ቀቡት።

እስካሁን ካለፈ፣ የብረቱን ዓይነት እዩ። ከመቀመጫው ሥር ባለው ቧንቧ ላይ «ሬይኖልድስ 531» ወይም «ኮሎምበስ» የሚል ትንሽ ምልክት ካለ መልካም ዕድል ነው። ሬይኖልድስ 531 ከ1935 ጀምሮ የተሸጠ፣ ቀጭንና ጠንካራ የብረት ቧንቧ ነው። ምልክቱ ከሌለ ብስክሌቱን አንሱት። አሥር አሥራ አንድ ኪሎ የሚሆን ጥሩ ነው። አንዳንዱ፣ ለምሳሌ አሜሪካ ውስጥ በየቦታው የሚገኘው ሽዊን ቫርሲቲ፣ ከ16 ኪሎ በላይ ይመዝናል። አይሰበርም፣ ዳገት ላይ ግን ዕዳ ነው።

ከማቀዝቀዣው ላይ ማግኔት አምጡና ቸርኬው ጠርዝ ላይ አድርጉት። ከተጣበቀ ጠርዙ ብረት ነው። በክሮም የሚያብለጨልጭ የብረት ጠርዝ ዝናብ ሲነካው ፍሬን አይዝም፤ ትይዙታላችሁ፣ እሱ ይሄዳል። ዝናብ በማይጠፋበት በለንደን ወይም በሲያትል ለምትኖሩ ይህ ቀልድ አይደለም። ቸርኬዎቹን በአሉሚንየም መቀየር ግዴታ ነው፤ ያ ወጪ ብቻውን ውሳኔውን ሊለውጠው ይችላል። ጎማ ስትገዙም ቁጥሩን ከአሮጌው ጎማ ላይ አንብቡ። «27» የሚለውና «700» የሚለው ለዓይን አንድ ይመስላሉ፤ በዲያሜትራቸው ግን 8 ሚሊሜትር ስለሚለያዩ የአንዱ ለሌላው አይገባም።

በ1970ዎቹ የተሠራ የፈረንሳይ ብስክሌት ከሆነ ደግሞ ጥርሱ ለብቻው ነው፤ ከሌላው አገር ብሎንና ዳዶ ጋር አይጋጠምም። ፔዳሎቹ የሚዞሩበት ኩሽኔታ ከተበላ ምትክ ፍለጋ መንከራተት አለ። ያለው ክፍል ደህና ከሆነ ግን ችግር የለውም።

ወደ ገንዘቡ ስንመጣ፣ ሁለት ጎማ ከነካላማዳሪው፣ የፍሬን ሽቦና የፍሬን ጎማ፣ ካቴና፣ ትንሽ ግሪስ፤ ሥራውን ራሳችሁ ከሠራችሁት አሜሪካ ውስጥ በግምት ከ100 እስከ 150 ዶላር ያስወጣል። ካቴናው መቀየር እንዳለበት ለማወቅ 12 ሙሉ ቀለበቶችን ከፒን እስከ ፒን ለኩ። ልክ 12 ኢንች (30.5 ሴንቲሜትር) መሆን አለበት፤ በአንድ ሚሊሜትር ተኩል ካለፈ አልቋል። ሱቅ ካሠራችሁት ወጪው በቀላሉ እጥፍ ይሆናል። «አድሼ እሸጠዋለሁ» የምትሉ ግን ቀድማችሁ አስቡበት፤ ተራ ስም ያለው ብስክሌት ያወጣችሁበትን ላይመልስ ይችላል። የሚያዋጣው ልትነዱት ከሆነ ነው።

ቀለሙን ደግሞ ተዉት። አሮጌ ቀለምና የመጀመሪያው ጽሑፍ የብስክሌቱ መታወቂያ ናቸው፤ ከተፋቀ አይመለስም። በዚያ ላይ አሮጌ ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል ልጆች ባሉበት ቤት በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት መፋቅ አደገኛ ነው። የግድ ቀለም መቀባት ካስፈለገ ለባለሙያ ስጡት። የክሮሙን ዝገት ግን ለልጆች ተዉላቸው፦ ከኩሽና አሉሚንየም ፎይል ጨምደድ አድርገው፣ ውኃ ነክረው ይሹት። ልክ እንደ አስማት ይለቃል።

አንድ ነገር ልጨምር። ጎማ፣ ፍሬን፣ ካቴና፣ ዳዶ፣ ኩሽኔታ፣ ካላማዳሪ፣ ካቻቢቴ፤ እነዚህ ሁሉ ከጣሊያንኛ ወደ አማርኛ የገቡ ቃላት ናቸው። ወላጆች በሰፈር ጎሚስታ ቤት ነው የተማርናቸው፤ እዚህ የተወለዱት ልጆቻችን ግን የሚሰሙበት ቦታ የለም። «ካቻቢቴውን አቀብለኝ» ሲባል ልጁ የቱን እንደሚያነሳ አይታችሁ ትስቃላችሁ። አንድ ቀን ሳይሳሳት ያመጣዋል።

መሣሪያ የለንም ለምትሉ፣ በብዙ ከተሞች ራሳችሁ የምትጠግኑበት የማኅበረሰብ ጋራዥ አለ። ሲያትል ውስጥ ባይክ ዎርክስ፣ ከዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ አርሊንግተን ውስጥ ፊኒክስ ባይክስ ልጆች እየሠሩ ጥገና የሚማሩባቸው ቦታዎች ናቸው። ጀርመን ውስጥም ራስን በራስ የመርጃ ጋራዦች በየከተማው ይገኛሉ። «አይታደስም» ያላችሁትን ብስክሌትም ወደዚያ ውሰዱት፤ ከሱ የሚወጣ መቀመጫ ወይም ፔዳል ለሌላ ልጅ ይሆናል።

ፔዳል ስትፈቱ ደግሞ አስታውሱ፦ የግራው የሚፈታው በተቃራኒ አቅጣጫ ነው። ይህንን የማያውቅ ሰው እየፈታሁ ነው ብሎ ሲያጠብቅ ይውላል። ሥራው ካለቀ በኋላ ልጁን ወደ መንገድ ከማውጣታችሁ በፊት ሄልሜት አድርጉለትና ባዶ የመኪና ማቆሚያ ላይ ፍሬኑን አሥር ጊዜ ያስይዙት። ከአንድ ሳምንት ንዳት በኋላ አዲሱ ሽቦ ስለሚላላ እንደገና ወጥሩት፤ ዳዶዎቹንም አንድ በአንድ አጥብቁ።