ከኳርተርባኩ ጀርባ፦ የሎውረንስ ቴይለር የመጀመሪያ ዓመታት

በአሜሪካ ፉትቦል የተከላካይ ተጫዋች ብቃት ብዙውን ጊዜ የሚለካው መሬት ላይ በጣላቸው ተቃራኒዎችና በጠለፋቸው ኳሶች ብዛት ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 በኒውዮርክ ጃየንትስ ቡድን መጫወት የጀመረው ሎውረንስ ቴይለር ግን ከዚህ መለኪያ በላይ ሊታይ የሚገባው ተጫዋች ነው፤ ምክንያቱም በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ዓመታት ውስጥ ተጋጣሚዎቹ እርሱን ለማስቆም ሲሉ የገዛ ራሳቸውን የማጥቃት ስልት ከመሠረቱ እንደገና እንዲያደራጁ አስገድዷል፤ የዚያም ለውጥ ውጤት ዛሬ ድረስ በየሜዳው ይታያል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተቀመጡ ናቸው።

ለውጡን ለመረዳት አስቀድሞ የጨዋታውን አሠራር በአጭሩ ማወቅ ያስፈልጋል። እያንዳንዱ ቡድን 11 ተጫዋቾችን ያሰልፋል፤ ኳሱን የያዘው ቡድን በአራት ሙከራዎች ቢያንስ 10 ያርድ፣ ማለትም ከ9 ሜትር ጥቂት የሚበልጥ ርቀት፣ ወደፊት መግፋት ይጠበቅበታል። የማጥቃቱ መሪ ኳሱን የሚወረውረው ወይም ለሯጭ የሚያቀብለው ኳርተርባክ ሲሆን፣ ከፊቱ አምስት ግዙፍ ተጫዋቾች ቆመው ይከላከሉለታል፤ ከእነርሱም መካከል በሁለቱ ዳርቻዎች የሚቆሙት ታክል፣ ወደ መሐል ጠጋ ብለው የሚቆሙት ሁለቱ ጋርድ ይባላሉ። በተከላካዩ ወገን ደግሞ ፊት ለፊት ከሚጋፈጡት ተጫዋቾች ኋላ ላይንባከር የሚባሉት ይሰለፋሉ። የላይንባከር የተለመደ ተግባር የተቃራኒውን እንቅስቃሴ አንብቦ ሯጭ የሚያልፍበትን ቀዳዳ መድፈን፣ ኳስ የሚወረወር ከሆነም ወደ ኋላ ሸሽቶ የሚቀበለውን ተጫዋች መሸፈን ነበር። ባጭሩ ላይንባከር ይጠብቅ ነበር፤ ቴይለር ግን አልጠበቀም።

የተወለደው በ1959 በቨርጂኒያ ግዛት በምትገኘው በዊሊያምስበርግ ከተማ ሲሆን፣ በልጅነቱ ይበልጥ ያዘወትር የነበረው ቤዝቦልን ነው። በትምህርት ቤት ቡድን ውስጥ ፉትቦል መጫወት የጀመረው 11ኛ ክፍል ከደረሰ በኋላ ስለነበር፣ የዩኒቨርሲቲ አሰልጣኞች ብዙም አልተሻሙበትም። ይህ መዘግየት ልብ ሊባል ይገባዋል፤ በሙያው ታላቅ ደረጃ ከደረሱት ብዙዎቹ ከልጅነታቸው ጀምሮ በጨዋታው ሕግጋት ተገርተው ያደጉ ሲሆኑ፣ እርሱ ግን ደመ ነፍሱ በስልጠና ሳይገታ ወደ ሜዳ የገባ ተጫዋች ነበር። የሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ መጀመሪያ በፊት መስመር ተከላካይነት ተቀብሎ በኋላ ወደ ላይንባከርነት አዛወረው፤ በመጨረሻው የዩኒቨርሲቲ ዓመቱ በ1980 ደግሞ 16 ሳክ አስመዝግቦ የአትላንቲክ ኮስት ኮንፈረንስ የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ተባለ። ሳክ የሚባለው ኳርተርባኩ ኳሱን ከመወርወሩ በፊት ከመነሻው መስመር ኋላ ተይዞ መሬት ላይ ሲወድቅ ነው፤ አጥቂው ቡድን ሙከራውን ከማጣቱም በላይ ያርድ ስለሚያጣ፣ አንድ ሳክ ብቻውን የማጥቃት ሂደቱን ሊያከሽፍ ይችላል።

የፕሮፌሽናል ቡድኖች ከዩኒቨርሲቲ የሚወጡ ተጫዋቾችን በየተራ የሚመርጡበት ሥርዓት ድራፍት ይባላል፤ ባለፈው ዓመት ደካማ ውጤት ያስመዘገበው ቀድሞ ይመርጣል። በ1981ዱ ድራፍት የመጀመሪያው ዕድል የደረሰው ኒው ኦርሊንስ ሴይንትስ ጆርጅ ሮጀርስ የተባለውን ሯጭ ሲወስድ፣ በ1980 ከ16 ጨዋታዎች አራቱን ብቻ ያሸነፈው ጃየንትስ በሁለተኛው ተራ ቴይለርን ወሰደ። ቡድኑን የሚመራው ሬይ ፐርኪንስ ሲሆን፣ የመከላከሉ ኃላፊ ቢል ፓርሴልስ ነበር፤ ከረዳቶቹም አንዱ በኋላ ዘመን በዋና አሰልጣኝነት ስሙ የገነነው ቢል ቤሊቺክ ነው። ጃየንትስ ሦስት የፊት መስመር ተከላካዮችንና አራት ላይንባከሮችን የሚያሰልፍ ስልት ይከተል ስለነበር፣ ከአራቱ ማንኛው ወደ ኳርተርባኩ እንደሚገሠግስ ተጋጣሚው አስቀድሞ ማወቅ አይችልም ነበር። ቴይለር ከሃሪ ካርሰን፣ ከብራድ ቫን ፔልትና ከብራያን ኬሊ ጋር ተሰልፎ 56 ቁጥርን በመልበስ በአብዛኛው በቀኝ ዳርቻ ይቆም ነበር።

ለውጡ በዚያው ዓመት ታየ። በ1980 የውድድር ዘመን 425 ነጥብ የተቆጠረበት ቡድን በ1981 የተቆጠረበት 257 ብቻ ነበር፤ ዘጠኝ ጨዋታዎችን አሸንፎም ከ1963 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ጥሎ ማለፍ ገባ። ይህን ያህል ለውጥ በአንድ ሰው ብቻ መጣ ማለት ለሌሎቹ ተከላካዮች ፍትሕ መንፈግ ነው፤ ይሁንና ቴይለር የዓመቱ ምርጥ አዲስ ተከላካይ ብቻ ሳይሆን የሊጉ የዓመቱ ምርጥ ተከላካይም ተብሎ ተመርጧል፤ ሁለቱን ሽልማቶች በአንድ ዓመት ያገኘ ሌላ ጀማሪ ተጫዋች የለም። በዚያ ዓመት 9.5 ሳክ እንዳስመዘገበ ይቆጠርለታል፤ ነገር ግን ሊጉ ሳክን በይፋ መመዝገብ የጀመረው በ1982 በመሆኑ ቁጥሩ በይፋዊው ድምር ውስጥ አይገባም።

የቴይለር አመጣጥ ለተጋጣሚዎች ችግር የሆነበት ምክንያት በሰውነት መጠንና በቦታ አቀማመጥ ይብራራል። ቁመቱ 1.90 ሜትር ገደማ፣ ክብደቱም ከ105 ኪሎ በላይ ሆኖ ሳለ ፍጥነቱ ከሯጮች ብዙም አያንስም ነበር። ከዳርቻ የሚመጣን ላይንባከር የማገድ ሥራ በዚያን ጊዜ ባብዛኛው ከኳርተርባኩ ጎን ለሚቆመው ሯጭ የተተወ ነበር፤ ሯጩ ግን በክብደት ከቴይለር ስለሚያንስ ተገፍቶ ይወድቃል ወይም ይታለፋል። በዚህ ላይ ቀኝ እጁን የሚጠቀም ኳርተርባክ ለመወርወር ሲዘጋጅ ጀርባውን ወደ ግራ ጎኑ ያዞራል፤ ከዚያ በኩል የሚመጣውን አያይም። በተከላካዩ ቀኝ ዳርቻ የሚቆመው ቴይለር የሚመጣው በትክክል ከዚያ ካልታየው ጎን ነበር።

የመጀመሪያውን ብልህ መልስ የሰጠው የሳን ፍራንሲስኮ ፎርቲናይነርስ አሰልጣኝ ቢል ዋልሽ ነው። በጥር 1982 በተደረገው የጥሎ ማለፍ ጨዋታ፣ ቴይለር ሲገሠግስ የሚያግደው ሯጭ ሳይሆን ጋርዱ ጆን ኤርስ እንዲሆን አደረገ፤ ኤርስም ከመሐል ወደ ኋላና ወደ ዳርቻ እየተንሸራተተ አገደው፤ ሳን ፍራንሲስኮም 38 ለ24 አሸነፈ። መልሱ በዕለቱ ቢሠራም ዋጋ ነበረው፤ ጋርዱ ቦታውን ሲለቅ በመሐል ክፍተት ይፈጠራል፤ ያንን ያወቀ ተከላካይ ሌላውን ላይንባከር በክፍተቱ ሊልክ ይችላል። ስለዚህ ዘላቂው መፍትሔ በግራ ዳርቻ የሚቆመውን ታክል ራሱን መለወጥ፣ ማለትም ግዙፍነትን ከፈጣን እግር ጋር ያጣመረ ሰው መፈለግ ሆነ። የዋሽንግተኑ አሰልጣኝ ጆ ጊብስ ደግሞ በሌላ መንገድ ሄደ፤ አንዱን ሯጭ ቀንሶ በምትኩ ታይት ኤንድ የሚባለውን፣ ማገድም ኳስ መቀበልም የሚችለውን ተጫዋች ሁለተኛ አድርጎ በመጨመር ቴይለር በቆመበት ጎን ተጨማሪ አጋጅ እንዲኖር አደረገ። ጊብስ ይህን አሰላለፍ በይበልጥ በቴይለር ምክንያት እንደቀየሰው ተናግሯል።

የ1982 የውድድር ዘመን በተጫዋቾች የሥራ ማቆም አድማ ወደ ዘጠኝ ጨዋታዎች አጠረ። በዚያ ዓመት በኅዳር ወር በሚከበረው የአሜሪካውያን የምስጋና ቀን ከዲትሮይት ላየንስ ጋር በተደረገው ጨዋታ ሁለቱ ቡድኖች 6 ለ6 እኩል ሆነው ሳለ፣ ጉልበቱን ታምሞ የነበረው ቴይለር በገዛ ግባቸው አጠገብ የኳርተርባኩን የጋሪ ዳንየልሰንን ኳስ ጠልፎ 97 ያርድ ሮጦ ነጥብ አስቆጠረ፤ ቡድኑም 13 ለ6 አሸነፈ። የሜዳው ርዝመት ከግብ መስመር እስከ ግብ መስመር 100 ያርድ መሆኑን ያስተዋለ አንባቢ፣ የአንድ ግዙፍ ላይንባከር እንዲህ መሮጥ ምን ያህል ያልተለመደ እንደነበር ይገነዘባል። በ1982ም የዓመቱ ምርጥ ተከላካይ ተብሎ በድጋሚ ተመረጠ።

ቀጣዩ ዓመት ለቡድኑ መራራ ነበር። ፐርኪንስ ወደ አላባማ ዩኒቨርሲቲ በመሄዱ ፓርሴልስ ዋና አሰልጣኝነቱን ተረከበ፤ ቡድኑ ግን በ1983 ሦስት ጨዋታዎችን ብቻ አሸነፈ። በዓመቱ መጨረሻ ቴይለር በዶናልድ ትራምፕ ባለቤትነት ከተያዘው፣ የተፎካካሪው ሊግ አባል ከሆነው ከኒው ጀርሲ ጄኔራልስ ጋር ከ1988 ጀምሮ ሊጫወት የሚያስችል ውል ተፈራርሞ 1 ሚሊዮን ዶላር በብድር ተቀበለ፤ ጃየንትስ ውሉን በገንዘብ አፍርሶ በተሻለ ክፍያ አስቀረው። ይህ ድርድር አንድ ተከላካይ ለባለቤቶች ምን ያህል ውድ እንደሆነ በግልጽ አሳይቷል።

ከዚያ በኋላ የሳክ ቁጥሩ በ1984 11.5፣ በ1985 13፣ በ1986 ደግሞ 20.5 ደረሰ። በ1986 የውድድር ዘመን ጃየንትስ ሱፐር ቦውል የተባለውን የሊጉን የፍጻሜ ጨዋታ ዴንቨርን 39 ለ20 በመርታት ሲያሸንፍ፣ ቴይለር የሊጉ የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ተባለ። ከእርሱ በፊት ይህን ሽልማት ከዋናው የአሶሺየትድ ፕሬስ ምርጫ ያገኘ ተከላካይ በ1971 የተመረጠው አለን ፔጅ ብቻ ሲሆን፣ ሽልማቱ በአብዛኛው ለኳርተርባኮች ይሰጥ ነበር። እንደ ቴይለር ያሉትን ለማገድ የተፈለገው፣ የግራውን ዳርቻ የሚጠብቅ ታክልም፣ ቀድሞ ብዙም የማይታወቅ የነበረው፣ በቀጣዮቹ ዓመታት በድራፍት ቀድመው ከሚመረጡትና ከፍተኛ ደመወዝ ከሚከፈላቸው ተጫዋቾች አንዱ ለመሆን በቃ።