ተቀናቃኝህን በስም ብቻ አትመዝነው

ክረምት ሲመጣ ከሚሴ ላይ ሁለት ነገር ይሞላል፤ ቦርከና ወንዝና የቴሌግራም ግሩፓችን። "እከሌ ፈረመ፣ እከሌ ለቀቀ" የሚል ፖስተር በወጣ ቁጥር ከታናሽ ወንድሜ ጋር ክርክር ነው። እኔ የፈረሰኞቹ ነኝ፣ እሱ የቡናማዎቹ።

በ2014 ክረምት አቡበከር ናስር ከቡና ወደ ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ሲሄድ "በቃ፣ አለቀላችሁ!" ብዬ ሳቅኩበት። ልጁ በ2013 ብቻውን 29 ጎል አግብቶ የዮርዳኖስ ዓባይን የ24 ጎል ክብረ ወሰን ሰብሯል። እሱ ከሌለ ምን ይቀራል?

ወንድሜ ተናደደ፤ ሳምንት ሙሉ ዲኤስቲቪ ቤት አብሮኝ አልተቀመጠም። ሲመለስ ግን አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ፦ "በዚያ ዓመት ዋንጫውን ማን በላ?"

ፋሲል ከነማ። ባለ 29 ጎሉ አጥቂ የነበረው ቡና ሁለተኛ ነው የወጣው። ዝም አልኩ።

በ2015 ዋንጫው የእኛ ሲሆን ግን "አላልኩህም?" አልኩት። ደስታዬ ዓመት አልቆየም። እኔ የቡናን ተጫዋች ስቆጥር፣ በ2016 ገና ከታች ያደገው ንግድ ባንክ ዋንጫውን ወሰደ። በ2017 ደግሞ መድን። የመድን አሰልጣኝ ገብረመድህን ኃይሌ በ2010 ጅማ አባ ጅፋርን፣ በ2011 መቐለን ቻምፒዮን ያደረገ ሰው ነው። እኔ ግን ፖስተር ላይ የአጥቂ ፎቶ ነበር የምፈልገው።

ሰንበቴ ገበያ በሬ የሚገዛ ሰው ቀንድ አይቶ ብር አይቆጥርም። ጥርሱን ያያል፣ አስነድቶ እርምጃውን ያያል። ቡድንም እንደዚያው ነው። አሁን ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። የለቀቀው ልጅ ኳስ የሚያገኘው ከማን ነበር፣ አቀባዩስ አለ? አዲሶቹ ክፍተት ይሞላሉ ወይስ አንድ ቦታ ላይ ተደራርበዋል? አሰልጣኙስ ቆይቷል? አራት አጥቂ አስፈርሞ ግራ ተመላላሽ የሌለው ቡድን ፖስተሩ ያምራል እንጂ ሜዳ ላይ ይጋለጣል።

ዘንድሮ ከወንድሜ ጋር ተስማምተናል፤ እሱ የጊዮርጊስን፣ እኔ የቡናን አሰላለፍ ወረቀት ላይ እንጽፋለን። ሦስቱን ጥያቄ ሳይመልሱ መሳቅ የለም። ከሁሉ በፊት ግን ከታች ያደጉትን ቡድኖች እናያለን፤ አንዴ ተሸውደናላ!